«ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠፋው ደንበኛ

ጥያቄ፦ ሽሮሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ አለኝ። የቴሌግራም ቻናል፣ የፌስቡክ ገጽና የቲክቶክ አካውንት ከፍቻለሁ። በቅርቡ አንዱን ቪዲዮዬን ብዙ ሺህ ሰው አየው፤ ሽያጬ ግን ያው ነው። አንድ ልጅ በትንሽ ብር 10,000 ተከታይ እንደሚያስገባልኝ ነግሮኛል። አንዲት በቲክቶክ የታወቀች ልጅ ደግሞ ቀሚሶቼን ለማስተዋወቅ ጠቀም ያለ ገንዘብ ጠይቃኛለች። ለመሆኑ የኢንተርኔት ገበያ ወዴት እየሄደ ነው? ገንዘቤን የት ላውጣው? ውጭ ሀገር ላሉትስ እንዴት ልድረስ?

ምላሽ፦ ለጊዜው የትም አያውጡት። ለልጁም፣ ለታዋቂዋም፣ ለማስታወቂያም። በቅድሚያ ስልክዎን ይክፈቱና ባለፈው ወር «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ጽፈውልዎ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው የጠፋውን ሰዎች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ቪዲዮው ገዢ አላመጣም ብለው ደምድመዋል። እኔ ግን ገዢው መጥቶ ተመልሷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንዴት እንደሚመለስ ልንገርዎ። አንዲት ሴት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቿን አስተኝታ ቲክቶክ ስታይ የእርስዎ ቀሚስ ይመጣላታል። ወደደችው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ስታነብ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ወደ ቴሌግራም ተሻግራ «ስንት ነው?» ብላ ጻፈች፤ ፎቶ ግን አልላከችም። እርስዎ በማግስቱ ሱቅ ከፍተው፣ ዕቃ ዘርግተው፣ አምስት ሰዓት ሲሆን «የትኛው ነው የኔ እህት?» ብለው መለሱ። እሷ ሥራ ላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ፈልጋ ላከች። በዚያን ሰዓት እርስዎ ደንበኛ እያስለኩ ነበር፤ ሲመሽ «በዚህ ስልክ ይደውሉልን» ብለው ቁጥር ጻፉላት። አልደወለችም። ዋጋውን፣ የጨርቁን ዓይነትና የሚደርስበትን ቀን ከፎቶው ጋር አብሮ ከለጠፈ ሌላ ሻጭ ገዝታለች። ቪዲዮዎ የራሱን ሥራ በሚገባ ሠርቷል።

ስለዚህ ዋጋ ይጻፉ። ሻጮች ለምን እንደሚደብቁት አውቃለሁ፦ ጎረቤት ሱቅ ያየዋል፣ ሸማኔውና ጠላፊው ይሰሙታል፣ ደንበኛ ገና ሳይከራከር ይሸሻል ይባላል። ጎረቤትዎ ግን ዋጋዎን ዛሬም ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ልኮ ማስጠየቅ ይበቃዋል። የማያውቀው ደንበኛው ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ በሱቅ ውስጥ በግልጽ የሚለጠፍ ዋጋ ስልክ ላይ ሲደርስ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

«ቀሚስ እንደ ልኬቱና እንደ ጥልፉ ይለያያል» ቢሉኝ ልክ ነዎት። እንግዲያው መነሻውን ይጻፉና ከፍ የሚያደርገውን ይናገሩ፦ ፈትሉ የእጅ ነው ወይስ የፋብሪካ ክር፣ ጥልፉ በእጅ ነው ወይስ በማሽን፣ ከደረት ላይ ያበቃል ወይስ እስከ ታች ይወርዳል፣ ነጠላው አብሮ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ያነበበች ሴት ሌላ ሱቅ ሄዳ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ርካሹ ለምን እንደረከሰም ይገባታል። ለእያንዳንዱ ቀሚስ ቁጥር ይስጡት፤ ቁጥሩ ፎቶው ላይም ቪዲዮው ላይም ይታይ። «ቁጥር 41 አለ?» የሚል መልእክትና «ስንት ነው?» የሚል መልእክት ለመልስ የሚወስዱት ጊዜ አይገናኝም።

አሁን ወደ ገበያው አካሄድ ልምጣ። ትልቁ ለውጥ አንድ ነው፤ የተከታይ ብዛት ዋጋ እየወረደ ነው። ድሮ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቶ ሰው መሰብሰብ በቂ ነበር፤ የለጠፉት ነገር ለተከታዮችዎ ይታይ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ ለነጋዴ ገጽ ነጻው መንገድ ይበልጥ ጠበበ። ቲክቶክ ደግሞ ጭራሹን ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፦ ለሰው ቪዲዮ የሚያሳየው ማንን እንደሚከተል አይቶ ሳይሆን ምን እያየ እስከ መጨረሻ እንደቆየ መዝኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው ራሱ ባወጣው ማብራሪያ የተከታይ ብዛት ቪዲዮን ለማሰራጨት ቀጥተኛ መመዘኛ እንዳልሆነ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ኢንስታግራም ሪልስ፣ ዩቲዩብ ሾርትስ የተባሉ የአጭር ቪዲዮ ክፍሎችን ይዘው ተከተሉ። የእርስዎ ቪዲዮ ከተከታዮችዎ ብዛት ያለፈ ሰው ያየውም በዚሁ አሠራር ነው፤ ቀጣዩን ደግሞ መቶ ሰው ብቻ ቢያየው አይገረሙ።

ቴሌግራም ከእነዚህ ይለያል። ቻናልዎ ውስጥ የገባ ሰው የለጠፉትን ሁሉ በተራው ያገኘዋል፤ በመካከል የሚመርጥ አልጎሪዝም የለም። በዚህም ምክንያት ቲክቶክ ለመተዋወቅ፣ ቴሌግራም ለመሸጥ ነው እላለሁ። ከቲክቶክ የመጣው ሰው ቴሌግራም ሲደርስ ሱቅ የገባ ያህል ሊሰማው ይገባል፤ ከላይ የተሰካው መልእክት አድራሻዎን፣ የሥራ ሰዓትዎን፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና የማድረሻውን ዋጋ ይንገረው። ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ ያያይዙ፤ አንዷ የጠየቀችውን ሌሎች ሃምሳ ያነቡታል። ብዙ ቻናሎች ግን በቀን ሠላሳ ፎቶ እያከታተሉ ይለጥፉና ሰው ድምፁን ያጠፋባቸዋል። ሦስት በቂ ነው።

ስለ ፍለጋም አንድ ነገር ላንሳ፤ ሰው ቲክቶክንም ቴሌግራምንም መፈለጊያ አድርጎታል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። የቻናልዎ ስምና የቪዲዮዎ መግለጫ በሁለቱም ፊደል ይጻፍ፤ በግዕዙም «ሀበሻ»ንና «ሐበሻ»ን ሁለቱንም ያስገቡ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ወጪም የለውም፤ ቢሆንም የሚያደርገው ሻጭ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ልጁ። 10,000ውን ተከታይ አይግዙ። ቴሌግራም ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ከዓይን ምልክት ጋር ስንት ሰው እንዳየው ያሳያል። 12,000 አባል ባለው ቻናል ላይ 90 ሰው ያየው ቀሚስ ሲታይ፣ ጠንቃቃ ገዢ ወዲያው ትጠረጥራለች፤ ቻናሉ የአጭበርባሪ ነው ብላ ትወጣለች። አሁን 2,000 እውነተኛ ተከታይ ቢኖርዎት እንኳ በዚህ ግዢ ይከስራሉ እንጂ አያተርፉም።

ታዋቂዋን በተመለከተ ጉዳዩ እንዲህ አይቆረጥም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ተመልካቾቿ ከየት ሀገር እንደሆኑ፣ ስንቱ ሴት እንደሆነ የሚያሳየውን የአካውንቷን መረጃ ትላክልዎ፤ ቲክቶክ ለባለቤቱ ያሳየዋል። ሰው የሚያየው ለቀልዷ ከሆነ ቀልዷን አይቶ ያልፋል። ከተስማማችሁም ግማሹን በቅድሚያ ከፍለው ግማሹን ከሽያጭ በሚታሰብ ኮሚሽን ያድርጉት፤ «ከእሷ ነው የመጣሁት» ላለ ሁሉ ትንሽ ቅናሽ ቢሰጡ ማን ከማን እንደመጣ ይታወቃል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን እሷን ትቼ የሙሽራ ሜካፕ ባለሙያዎችንና የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎችን እፈልግ ነበር። ተከታያቸው ሦስትና አራት ሺህ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከመካከሉ ቀን ቆርጦ ቀሚስ የሚፈልግ አለ። ለፎቶ የሚሆን ቀሚስ ያውሷቸው፣ እነሱ ስምዎን ከፎቶው ጋር ይጥቀሱ፤ እርስዎም የእነሱን ይጥቀሱ።

ይህን ሁሉ ለመመዘን አንድ ደብተር ይበቃዎታል። ለገዛም ላልገዛም «የት አዩን?» ብለው ይጠይቁና ይጻፉ። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ማስታወቂያ 3,000 ብር አወጡ እንበል፤ 60 ሰው ጠየቀ፣ 6 ሰው ገዛ። አንድ ገዢ 500 ብር አስወጣዎት ማለት ነው። ከአንድ ቀሚስ የሚተርፍዎ 1,500 ብር ከሆነ ማስታወቂያው አዋጥቷል፤ 400 ብር ከሆነ እየከሰሩ ነው። «ስንት ሰው አየው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ይልቅ ከ60ው 54ቱ ለምን ቀሩ? በመልስ መዘግየት ከሆነ ማስታወቂያውን እጥፍ ማድረግ ኪሳራውንም እጥፍ ማድረግ ነው።

በፌስቡክና በኢንስታግራም የሚከፈልበት ማስታወቂያ ያዋጣል ወይ? ለቀሚስ ያዋጣል፤ ከተማ፣ ዕድሜና ጾታ መርጦ ማሳየት ይቻላል፤ ሰውን በቀጥታ ወደ መልእክት ሳጥንዎ የሚያመጣውን ዓይነት ይምረጡ። ችግሩ ክፍያው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ሲታሰብ ዋጋው ብዙ ጨምሯል። አብዛኛው ነጋዴ በደላላ በኩል ነው የሚያስነግረው። በደላላ ካስነገሩ የገጽዎን የይለፍ ቃል አይስጡ፤ ማስታወቂያ ብቻ የማሠራት ፈቃድ መስጠት ይቻላል፣ ሥራው ሲያበቃም መንሳት ይቻላል። ገጹን ሙሉ በሙሉ ያስረከበ ነጋዴ ገጹ በሌላ ስም ሲነግድበት ሊያይ ይችላል።

ስለ ቀጥታ ስርጭት ሽያጭ ሰምተው ይሆናል። ቻይና ውስጥ ታኦባኦ የተባለው የኢንተርኔት መገበያያ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ነገር ነው፤ ሻጩ ካሜራ ፊት ቆሞ ዕቃ ያሳያል፣ ተመልካቹ እዚያው ይገዛል። ቲክቶክም በኢንዶኔዥያ፣ በኋላም በአሜሪካ የራሱን መሸጫ ከፍቷል። እኛ ጋ ያ መሸጫ ስለሌለ «ግዛ» የሚል ቁልፍ አይጠብቁ፤ ንግዱ የሚያልቀው በጭውውት፣ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። ሐሳቡ ግን ለጨርቅ በጣም ይስማማል። ጥለቱን ወደ ካሜራ አስጠግተው፣ ጥልፉን ገልብጠው ከጀርባው ክሩ እንዴት እንደታሰረ አሳይተው፣ ቀሚሱን በፀሐይ አውጥተው ነጩ ነጭ መሆኑን ሲያስመሰክሩ የትኛውም ፎቶ የማይሰጠውን እምነት ያገኛሉ።

ይህ እምነት አሁን ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የቀሚስ ምስሎች ገበያውን እያጥለቀለቁት ነውና። ሸማኔ ያልነካው ጥበብ፣ መርፌ ያልገባበት ጥልፍ፣ በዓለም ላይ የሌለች ሞዴል ለብሳው ይለጠፋል፤ ደንበኛዋ ቀብድ ከፍላ ሲደርሳት ሌላ ነገር ታገኛለች። አንድ ጊዜ የተታለለች ሴት ቀጣዩን ሻጭ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የምታየው፤ ያ ቀጣይ ሻጭ ደግሞ እርስዎ ነዎት። አስተውሎቱን መግለጫ ለማረቅ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ይጠቀሙበት፣ የጻፈውን ሳያርሙ ግን አይለጥፉ። ፎቶው የእውነተኛው ቀሚስ ይሁን፣ በስልክ ቢነሳም ግድ የለም። ለማስታወቂያ የሚለፋ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ነገር ግን ሱቅዎ ደጃፍ ላይ የተነሳ ትንሽ የተንሻፈፈ ፎቶ ከስቱዲዮው ፎቶ የተሻለ ሲሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ማታለሉ ከገዢም በኩል ይመጣል። የክፍያ ደረሰኝ ምስል በቀላሉ ስለሚቀየር ምስሉን አይተው ዕቃ አይላኩ፤ ገንዘቡ የራስዎ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን አይተው ብቻ ይላኩ። በልክ ለሚሰፋ ቀሚስ ቀብድ መቀበል ተገቢ ነው፤ ቀብዱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ ግን ከመቀበልዎ በፊት በጽሑፍ ይንገሩ። በስምዎና በፎቶዎ ሌላ ቻናል ተከፍቶ ሰው ቢጭበረበር ጣጣው ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው፤ ክፍያ የሚቀበሉበትን ስምና ቁጥር በተሰካው መልእክት ላይ ያስቀምጡና «ከዚህ ውጭ አንቀበልም» ይበሉ።

ሌላው ብዙዎች የማያስቡበት ነገር የደንበኛ መዝገብ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከዚያው ዓመት ሐምሌ ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ቆይተዋል፤ ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ በሙሉ ከሻጩ ጋር ተቆራረጠ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። አካውንትዎ ተሰርቆ ወይም በስህተት ተዘግቶ ሊያድሩም ይችላሉ። ስለዚህ የገዛ ሰው ስሙ፣ ስልኩ፣ ልኬቱና የገዛው ቀሚስ ቁጥር ደብተርዎ ላይ ይስፈር። ልኬቷ የተያዘላት ደንበኛ ለቀጣዩ በዓል አንድ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃታል። ፈቃዷን ጠይቀው ይመዝግቡ፣ ለሌላም አሳልፈው አይስጡ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ይህንኑ ይፈልጋል።

ውጭ ላሉት መድረስ ከሚመስለው ይቀላል፤ ቪዲዮዎን አሁንም እያዩት ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ፣ ልኬቱና መላኪያው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለች ሴት ከራት በኋላ፣ በእነሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትጽፍልዎ እዚህ ሌሊቱ ተጋምሷል። ዋትስአፕ ቢዝነስ በነጻ የሚሰጠው ካታሎግና ራሱ የሚልከው የመጀመሪያ መልስ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እርስዎ ተኝተው ዋጋውን፣ የሚፈጀውን ጊዜና የልኬቱን መመሪያ ታገኛለች። ሪያድ ያለች እህት ግን ሰዓቷ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ መልስ ማዘግየትዎን በሰዓት ማሳበብ አይችሉም። የልኬቱን አወሳሰድ በአንዲት አጭር ቪዲዮ ያሳዩ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የክንድ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር። መላኪያውን በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት (ኢኤምኤስ) ያድርጉት ወይም ደንበኛዋ በሚሄድ ሰው እጅ ታስወስደው፤ ሁለቱንም ከነዋጋቸው ይጻፉና ምርጫውን ለእሷ ይተዉት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፋይዋ ውጭ ሆና ለባሿ እናቷ ወይም እህቷ እዚሁ ናቸው። ለእነዚህ ቀሚሱ ቤት ሲደርስ የተቀባይዋን ፎቶ፣ በፈቃዷ፣ ይላኩላቸው። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አላውቅም።

ጊዜውን በተመለከተ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን እርስዎም ደንበኛዎም ያውቁታል፤ ሻጮች ግን ማስታወቂያውን የሚጀምሩት ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሸማኔው፣ ጠላፊውና ሰፊው ያኔ እጃቸው ሙሉ ነው። በልክ የሚሠራውን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያሳዩ፤ ውጭ ላሉት ደግሞ ከዚያም ቀድመው፣ ጥቅምት ላይ። የጥር ሙሽሮችም በዚያው ጊዜ ነው የሚወስኑት። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው የቀዘቀዘ መስሏቸው ብዙዎች መለጠፍ ያቆማሉ፤ ከፋሲካ በኋላ የምታገባዋ ሙሽራ ግን ሚዜዎቿን አስከትላ የምትመርጠው በጾሙ ወራት ነው። እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ሰግድን የሚያከብሩት በዕብራይስጡ የሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የመንግሥት በዓል ሆኗል፤ ሴቶቹም የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ። ለእነሱ የሚሆነውን ነሐሴ ላይ ማሳየት ይኖርብዎታል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድርም በእነሱ ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚውል ትእዛዙ ሚያዝያ ላይ ይጀምራል።

ለእያንዳንዱ በዓል የማዘዣውን የመጨረሻ ቀን ቆርጠው ከቻናሉ ራስ ላይ ይስቀሉት። ቀኑ ካለፈ በኋላ «እባክሽን አድርሽልኝ» የምትል ደንበኛ ትመጣለች፤ ለእሷ የተዘጋጁትን ቀሚሶች ከነቁጥራቸውና ከነልካቸው ይላኩላት እንጂ በልክ የሚሰፋ አዲስ ትእዛዝ አይቀበሉ።